የሸማኔው እግር ካሳ

የካቲት ወር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጣሊያኖች «መርካቶ» ብለው ከከፈቱት ከአዲሱ ገበያ ሳይሸጥ የተረፈኝን ጨው በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ኮልፌ ስወጣ፣ ከኋላዬ «በሕግ አምላክ! ይቁሙ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ይህን ቃል ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ድሮ ተከራካሪዎች የመንገድ ዳኛ ሲፈልጉ «በንጉሥ አምላክ» ብለው መንገደኛውን ያቆሙት ነበር፤ ንጉሡ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ ግን ያን ቃል በአደባባይ የሚናገር አንገቱን የጠላ ሰው ነው። «በሕግ አምላክ» የሚለውም ቢሆን፣ «የየትኛው ሕግ አምላክ?» ብሎ የሚጠይቅ ባንዳ ቢያልፍ መልሱ ምን ይሆናል? ስለዚህ ዳኝነት እንደተጠየቀ ሰው ሳይሆን እንደ ተያዘ ሌባ ደንግጬ ቆምኩ።

አንባቢ ማን እንደሚያወራው እንዲያውቅ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ጽጌማርያም እባላለሁ። ከጠላት በፊት ዘጠኝ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያ በየካቲቱ እልቂት ጊዜ፣ የተማረ የተባለ ሁሉ እየተለቀመ ሲወሰድ፣ መነጽሬን አውልቄ በጨው ከረጢት ውስጥ ቀበርኩና ጨው ቸርቻሪ ሆንኩ። ያለ መነጽር ከዐሥር ክንድ ወዲያ ያለውን ሰው ከግንድ አልለይም። ይሁን እንጂ ሳያዩ መኖር እያዩ ከመሞት ይሻላል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር።

ዘወር ስል መጀመሪያ አንድ ወፍራም ሰው የመጣ መሰለኝ። ቀረብ ሲል ሁለት ሆነ። አንደኛው ባላምባራስ ቀለመወርቅ ነበሩ፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ጢማቸው የነጣ፣ በጠበቃነታቸው ኮልፌን አልፎ እስከ አራዳ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ የሸማኔው የወልደሰንበት ልጅ ሰብሌ ነበረች፤ ከወረራው በፊት አራት ዓመት የሴቶች ትምህርት ቤት የገባች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። የእሷ ነጠላ ጫፍ ከእሳቸው ኩታ ጫፍ ጋር በሁለት ዙር ተቋጥሯል።

የዛሬ ልጆች ይህን ላያውቁት ይችላሉ። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽ ልብሱን ከተከሳሹ ልብስ ጋር ቋጥሮ «ወደ ዳኛ እንሂድ» ሲል፣ ተከሳሹ እምቢ አይልም። ዳኛ ሳያይ ቋጠሮውን የፈታ ሰው ሳይከራከር ተረታ ማለት ነው። ይህንንም ሥርዓት ለሃምሳ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩት እኚሁ ባላምባራስ ነበሩ። አንዲት ልጃገረድ በገበያ መካከል በራሳቸው ሕግ ስታስራቸው ምን ማድረግ ይችላሉ? ፈትተው እንዳይሄዱ መረታት ነው፤ እንደታሰሩ እንዳይቀሩ ነውር ነው። ከጧት ጀምሮ ዳኛ ፍለጋ ኮልፌን ሲዞሩ ውለዋል። ወደ ጣሊያኑ ሹም ቢሮ መሄድን ግን ሁለቱም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱትም።

«አንተ ሰው፣ ና ፍረደን» አሉኝ ባላምባራስ። «ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ስትጎትተኝ ዋለች።»

«ባላምባራስ፣ ይማሩኝ። እኔ የጨው ነጋዴ ነኝ። ዳኝነት የት አውቄ?»

ሰብሌ ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። «አቶ ጽጌማርያም፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሴቶች በጨው ስፍር ሲጣሉ ‹የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው› ብለው ሲገላግሉ ሰምቻለሁ። ጨው የሚቸረችር ሰው እንዲህ አይናገርም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ወደፊትም አልናገርም። ግን ሰኞ የአባቴን የሸማ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይመጣል። ዕቃው ከቤት ከወጣ እኛም ኮልፌን ለቀን መሄዳችን ነው። ከዛሬ ሌላ ቀን የለኝም።»

ሰው የደበቀውን ሲያዩበት መቆጣት አለበት፤ እኔ ግን ለመቆጣትም ጉልበት አልነበረኝም። ከረጢቴን ከመንገዱ ዳር ካለው ወይራ ሥር አወረድኩና በላዩ ተቀመጥኩ። ባላምባራስ ይህን ባዩ ጊዜ ኩታቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ አነጋገራቸውም ወዲያው ተለወጠ። ዳኛ አድርገው የተቀበሉትን ሰው «አንተ» አይሉትም።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ከሳሿ ትቅደም» አሉ።

ሰብሌ እንዲህ ስትል አስረዳች፦ «ባለፈው ሐምሌ ባላምባራስ የወደቀባቸውን አጥር ለመሥራት ጭቃ ሊያስቦኩ፣ ከደጃቸው ወጣ ብሎ ሕዝብ ከሚሄድበት መንገድ ዳር አፈር አስቆፈሩ። ጉድጓዱ ከሰው ወገብ ያልፋል። ዝናብ ሲሞላው ጥጃ እንዳይገባበት ብለው የባሕር ዛፍ ቅጠል አለበሱት። አባቴ ሸማውን ሽጦ ሲመለስ፣ ከመሸ የተገኘ ይታሰራል ስለሚባል እየሮጠ መጣ። ቅጠሉን መሬት ነው ብሎ ረገጠው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ተጣሞ ገጠመ። ጣቶቹ አይታዘዙትም። ሸማኔ ያለ እግር ጣት ሸማኔ አይደለም።»

እውነቷን ነው፤ ሸማኔ ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ክሩን በእግሩ ጣት እየሳበ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ወልደሰንበትን ጉድጓድ አኖረው፤ ጉድጓድም ጣለው።

ባላምባራስ ዘንጋቸውን አንድ ጊዜ መሬት መቱ። ክንዳቸውን ሲያነሱ ሰብሌ አብራ ተሳበች፤ ሲያወርዱ አብራ ወረደች። በሌላ ዘመን ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

«ጌታዬ! እኔ ወልደሰንበትን ገፍቼዋለሁ? አልገፋሁትም። ጠልቼው ነበር? ቡሉኮዬን እንኳ የሠራው እሱ ነው። ጉድጓዱን የቆፈርኩት በክፋት ነው? ለአጥሬ ነው። ታዲያ ክፉ ሳላስብ የደረሰውን እግዜር ያመጣው ካላልነው ማን ያመጣው እንላለን? በዚህም ላይ እኔ እግዜር አመጣው ብዬ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ሰባት ሽማግሌ አስከትዬ፣ አንድ ሙክት አስጎትቼ ከደጁ ወደቅሁ። ወልደሰንበትም በሽማግሌ ፊት ‹ይቅር ለእግዜር› አለ፤ ተሳሳምን። ይቅር የተባለ ነገር ተመልሶ ይነሣል? ይህች ልጅ የአባቷን ይቅርታ ልትሽር ነው የመጣችው!»

«ይቅርታውን አልሽርም» አለች ሰብሌ በቀስታ። «ሙክቱን ማን እንደበላው ብቻ ይጠይቁልኝ።»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሥርዓት ነው።»

«ለአባቴ አንድ ጎድን ተላከለት። ሰባት ወር በአንድ ጎድን ኖርን።»

ባላምባራስ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እናንተ ተምረናል የምትሉ ልጆች ክፉ ነገር አመጣችሁ። ይቅርታን በሚዛን አትለኩት! በእኛ አገር ደሙን የሚሸጥ ጨዋ የለም። ወልደሰንበት ራሱ ካሳ አልጠየቀኝም።»

«አልጠየቀዎትም፤ ያፍራልና። ሸማኔ ነህ፣ ባላምባራስ ደጅህ ድረስ ድንጋይ ተሸክመው መጡልህ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ስለተባለ ያፍራል። እኔ ግን ዳቦ ፍለጋ ጎረቤት መሄድ ከዚህ የበለጠ ስላሳፈረኝ መጣሁ።»

ባላምባራስ ክፉ ሰው እንዳልነበሩ አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ያደጉበት ሥርዓት ሁለት ነገር ብቻ አስተምሯቸዋል፤ የገደለ ይገደላል ወይም ደም ይከፍላል፣ ሳያስብ የጎዳ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ ማለት ክፋት ሳይኖር በቸልታ የሚደርሰውን ጉዳት፣ ባለቤት እንደሌለው መሬት ትተውት ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል።

«ባላምባራስ» አልኳቸው፣ «ቦታውን ሳላይ አልፈርድም።»

ከረጢቴን ተሸክሜ፣ ተያይዘን ወደ ሰፈራቸው ሄድን። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ ፊት ለፊት ትመታኝ ነበር። እኔ ፊት ፊት፣ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ከኋላዬ። የባላምባራስን አጥር ሳልፍ ከመንገዱ ዳር የረገፈ ቅጠል ያለ መሰለኝና የሰሞኑ የበልግ ዝናብ ያመጣውን ጭቃ ለመሸሽ እግሬን ወደዚያው አነሣሁ።

«ተው! ጉድጓድ ነው!» ብለው ባላምባራስ ጮኹ። በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው የጋቢዬን ጫፍ ያዙ። ሰብሌ በቋጠሮው ተስባ በጉልበቷ ወደቀች፤ ዘንጋቸው ወደ ታች ወርዶ ውኃ ውስጥ ቦጭ ሲል ሰማሁ። ከጉድጓዱ አፋፍ አንድ ስንዝር ቀርቶኝ ነበር።

ሰብሌን ከወደቀችበት ደግፈን አነሣናት። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የለመድኩት የችሎት ጠባይ መጣብኝ።

«ባላምባራስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስለ ጮኹልኝ እግሬ ተረፈ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህን ቃል ባለፈው ሐምሌ ለወልደሰንበት ማን ጮኸለት?»

«ቤቴ ውስጥ ነበርኩ! መንገደኛ ሁሉ ሲያልፍ እየቆምኩ ልጩህ?»

«አይጩሁ። ሦስት እንጨት ቢተክሉ፣ ጨርቅ ቢሰቅሉበት፣ እንጨቱ ይጮህልዎት ነበር። ቅጠል ማልበሱ ግን ጉድጓዱን ወጥመድ አደረገው። እርስዎ ክፉ አላሰቡም። ሕግም ክፉ አስበዋል አይልዎትም። ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ጉድጓዱ ሰው እንደሚጥል ያውቁ ነበር ወይ ነው የሚለው። እንደሚያውቁ አሁን በጩኸትዎ መሰከሩ። ያወቁትን አደጋ አለመከለል ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም ካመጣው ጉዳት ካሳ ይወለዳል። አለመጥላትዎ ከእስራት ያድንዎታል እንጂ ከካሳ አያድንዎትም።»

«ሰባት ወር ሙሉስ ለምን አልደፈኑትም?» አለች ሰብሌ ጉልበቷን እያራገፈች። «ያንን ብቻ ይንገሩኝ።»

ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብደፍነው ጥፋቴን ማመን ነው። ጠበቃ ተከራካሪ እያለበት መረጃ በእጁ አይደፍንም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ አሳዘነኝ። ሰውየው ክርክሩን ላለመረታት ሲሉ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ በሚያልፉበት መንገድ ጉድጓድ ክፍት ትተው ኖሩ። ብልሃት እንዲህ ሰውን ታሞኛለች።

«ይሁን፤ ጥፋት ነው እንበል» አሉ ባላምባራስ፤ የለመዱት ክርክር ጉልበት እየሰጣቸው። «ወልደሰንበትስ? ስቆፍር በፊተኛው ቀን አይቶ ‹ምን ሊሠሩ ነው?› ብሎኛል። ጉድጓድ እንዳለ እያወቀ የሮጠ ሰው የራሱ ጥፋት የለበትም?»

ሰብሌ ፊቷ ተለወጠ፤ ይህን አልሰማችም ነበር። እኔ ግን የዳኛ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል ከሆነ ሚዛን አይደለምና እንዲህ አልኩ፦ «ይህ ትክክለኛ ክርክር ነው። ጉድጓዱን አውቆ ሳይጠነቀቅ ከሮጠ፣ የራሱን ድርሻ ይሸከማል፤ ከካሳው በዚያ መጠን ይቀነሳል። ግን ካሳውን ጨርሶ አያጠፋውም። ያስሮጠው ደግሞ የሰዓቱ እገዳ ነው፤ እሱን እርስዎም አላወጡትም፣ ወልደሰንበትም አላወጣውም።»

«ይቅርታውስ?»

«ይቅርታው የወልደሰንበት ነው፤ ማንም አይሽረውም። እሱ ቂሙን ትቶልዎታል። ቂም ከልብ ነው የሚወጣው። ካሳ ግን ከሌማት የጎደለ ነገር ነው። ሰውየው ‹ልቤን አጥቤልሃለሁ› ሲል ‹ልጆቼ ይራቡልህ› ማለቱ ነው? ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ቀቅለው በሉት፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። ካሳ ቅጣትም አይደለም፣ ባላምባራስ፤ ደም መሸጥም አይደለም። የተጎዳውን ሰው በተቻለ መጠን ሳይጎዳ ወደነበረበት መመለስ ነው። ከዚያ አልፎ ማበልጸግ የለም፤ ከዚያ አጉድሎ በጎድን ማባበልም የለም።»

«እግር በምን ይመለሳል?»

«እግሩ አይመለስም። እግሩ ያመጣው የነበረው እንጀራ ግን ይመለሳል። ለወጌሻና ለመድኃኒት ያወጣው፣ ሰባት ወር ተኝቶ ያጣው፣ ወደፊትም በዚያ እግር መሥራት ባለመቻሉ የሚቀርበት፣ ይህ ሁሉ ይታሰባል። ሥቃዩም አለ፤ እሱን ማንም ሊለካው አይችልም፣ ቢሆንም ጨርሶ አልነበረም አይባልም።»

እዚህ ላይ ባላምባራስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ባለ ድንጋይ ቁጭ አሉ። ሰብሌም ቋጠሮው ስላላስቆማት አብራ ተቀመጠች። ሽማግሌው ወደ ውኃው እያዩ፣ ክርክር በማይመስል ድምፅ ተናገሩ።

«እንግዲያው እኔም ልጠይቅ። ልጄን አምሐን ታውቁታላችሁ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስልክ ቤት ይሠራ ነበር። የዚያን የካቲት፣ በማግሥቱ ጧት፣ እዚህ ደጄ ላይ፣ ጫማውን እያሰረ ሳለ ወሰዱት። ሬሳውን እንኳ አላየሁም። ማን ድንጋይ ተሸክሞ መጣልኝ? ማን ‹ይቅር ለእግዜር በለን› አለኝ? ለአምሐ ሙክት ቀርቶ ዶሮ ያመጣ አለ? እኔ ካሳ የለኝም? ዓለሙ ሁሉ ሳይካስ ውሎ እያደረ፣ ስለ አንድ እግር እኔን ብቻ ለምን ትይዙኛላችሁ?»

ምን ብዬ ልመልስ? ይህን ጥያቄ እኔም በየሌሊቱ ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ዘጠኝ ዓመት የጻፍኳቸው ፍርዶች በሙሉ ተቃጥለዋል፤ የፈረዱት ዳኞች ግማሾቹ የሉም። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ጉድጓድና ስለ ጥንቃቄ ማውራት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለ ምንጣፍ የሚጣላ ያህል መስሎኝ ነበር።

የመለሰችው ሰብሌ ናት። እንባዋን በነጠላዋ ልትጠርግ ፈልጋ፣ ጫፉ ከባላምባራስ ኩታ ጋር ስለታሰረ በእጇ ጠረገች።

«አባባ ቀለመወርቅ፣ አምሐ ፊደል አስተምሮኛል። የሱን ካሳ ማን ይክፈል? እኔም አላውቅም። ግን እርስዎን ላስለቀሱት ሰዎች አምሐ ምናቸውም አልነበረም። አባቴ ለእርስዎ ምንዎ ነው? እነሱ ያላደረጉልዎትን እርስዎም ካላደረጉልን፣ ለአባቴ በእነሱና በእርስዎ መካከል ምን ልዩነት አለው? ሳይካሱ መኖር እንዴት እንደሚያደርግ እኛ ገና ሰባት ወራችን ነው። እርስዎ ሁለት ዓመትዎ ነው፤ ከእኛ በላይ ያውቁታል።»

ባላምባራስ አልተቆጡም። ሽማግሌ ሲያለቅስ ፊቱን በኩታው ይሸፍናል፤ እሳቸውም ሊሸፍኑ ኩታቸውን ሲስቡ የሰብሌ ነጠላ አብሮ መጣ። ሁለቱም በአንድ ጨርቅ ፊታቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ተነሥተው፣ «ወደ ወልደሰንበት እንሂድ» አሉ።

ወልደሰንበት ከቤቱ ውስጥ፣ ከሸማ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሰኞ የሚሸጠውን መወርወሪያ በቅባት ሲያሽ አገኘነው። አጭርና ዝምተኛ ሰው ነው፤ አባቱ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። ልጁንና ባላምባራስን ተቋጥረው ሲያይ በእጁ ደግፎ ሊነሣ ሞከረ።

«ሰብሌ! ምን አደረግሽ? ባላምባራስ፣ ልጅ ናት፣ ይማሩልኝ። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።»

«ቁጭ በል ወልደሰንበት» አሉ ባላምባራስ። «ይቅርታህን ይዣለሁ፤ አልመልሰውም። የመጣሁት በሌላ ነው።»

ወልደሰንበት ነገሩን ሲሰማ መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ «እኔም ጉድጓዱን በፊተኛው ቀን አይቼው ነበር። እየሮጥኩ ረሳሁት። ይህን ሳልናገር ካሳ ብቀበል ጉሮሮዬን አያልፍም» አለ። ሰብሌ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ከዚያ ቤት ውስጥ ካየሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው፤ ካሳን በትክክል የሚያውቅ ሰው የራሱን ጥፋት አይደብቅም።

ስምምነቱ ረጅም ጊዜ አልወሰደም። ጉዳቱ በአራት ተከፍሎ አንዱን እጅ ወልደሰንበት በራሱ ቸልታ ይሸከማል፤ ሦስቱ እጅ የባላምባራስ ነው። ላለፉት ሰባት ወራት ባላምባራስ ከጎተራቸው እህል ይሰጣሉ። ለወደፊቱ ግን ከቤታቸው ጀርባ ካለው የባሕር ዛፍ ቦታ ግማሹ፣ ወልደሰንበት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ በተቆረጠ ቁጥር የእሱ ነው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፤ የተሰበረ እግር ግን አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ የማያቆጠቁጠውን በሚያቆጠቁጠው መካስ ተገቢ መስሎ ታየን። በዚያ ገቢ ወልደሰንበት አንድ ጎልማሳ ሸማኔ ቀጥሮ ከጉድጓዱ ያስቀምጣል፤ እሱ ድሩን ያደራል፣ ጥለቱን ይመርጣል፣ ሥራውን ይመራል። የሸማ ዕቃው ሰኞ አይሸጥም።

«ዳኛ፣ እንግዲህ ቋጠሮውን ልፍታ?» አሉ ባላምባራስ።

«ዳኛ አይቶታል፤ ይፍቱት።»

ጣቶቻቸው ግን ያረጁ ነበሩ፤ ቋጠሮውም ቀኑን ሙሉ ሲሳብ ውሎ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። ሦስት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። «ነይ ልጄ፣ የሸማኔ ልጅ ነሽ፤ ክር ታውቂያለሽ» አሏት። ሰብሌ በጥርሷ ጀመረችው፣ እሳቸው በጥፍራቸው ጨረሱት። ማን እንደፈታው ስላልታወቀ ማን እንደተረታም አልታወቀም።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስ ራሳቸው አካፋ ይዘው ጉድጓዱን ሲደፍኑ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አያቸው። ከዚያ ወዲህ በኮልፌ አፈር የሚያስቆፍር ሰው በመጀመሪያ እንጨት መትከል ጀመረ። ካሳ እንዳለ ያወቀ ሰው አስቀድሞ ይጠነቀቃል፤ ይቅርታ ብቻ እንዳለ የሚያውቅ ግን ድንጋዩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ተጎጂውም ለልመና እጁን ሳይዘረጋ፣ ጎረቤቱን ሳይጠላ ይኖራል። ሽማግሌዎቹም ሙክት ሲቀርብላቸው «የተጎጂው ድርሻ የት አለ?» ማለትን ለመዱ። ትልቅ ነገር አይደለም። አገር አላዳነም። ግን አንድ ሠፈር ውስጥ አንድ ነገር በትክክል ሊፈረድ እንደሚችል አየሁ፤ ይህንንም ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ነገሬን ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቅዳሜ፣ ስምምነቱን ልጽፍ መነጽሬን ከጨው ከረጢት ውስጥ አውጥቼ በጋቢዬ ጠረግሁና ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ባላምባራስ ፈርመው፣ ለምስክርነት የጠራናቸው ጎረቤቶችም ሲወጡ፣ እሳቸው አልወጡም። አጠገቤ ቀርበው በዝቅተኛ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአምሐ ነገር በይርጋ ይታገዳል?»

የጠበቃ ጥያቄ ነበር፤ የአባትም። አሁን ፊታቸውን በግልጽ አየው ነበር።

«ዳኛ በሌለበት አገር ይርጋ አይቆጠርም፣ ባላምባራስ» አልኳቸው። «ዳኛው የመጣ ዕለት ነው መቁጠር የሚጀምረው።»

«እንግዲያው ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። ከሳሽ፣ ባላምባራስ ቀለመወርቅ። የሟች ስም፣ አምሐ ቀለመወርቅ፤ ዕድሜ ሃያ ሦስት፤ ሥራው ስልክ ቤት። ቀኑን ጻፍኩ፣ ቦታውን ጻፍኩ፣ ጫማውን እያሰረ እንደነበረም ጻፍኩ። ዳኛ የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ባላምባራስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና አጣጥፈው በቁርበት ጠቀለሉት፤ መነጽሬ በነበረበት በጨው ከረጢት ውስጥም በገዛ እጃቸው ከተቱት።

«እዚህ ይቆይ» አሉኝ፤ «እርስዎ ከእንግዲህ መነጽሩን አያስገቡበትም።»